አያቴ የቆሙበት ክንፍ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፎቶግራፉ ከመዳፍ አይበልጥም። ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ፣ የድሮ ፎቶ ቤቶች ይወዱት የነበረው ዓይነት ነው። ስድስት ወንዶች በአንድ አውሮፕላን ክንፍ ፊት ተደርድረው ቆመዋል፤ አንዱ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ከግራ ሁለተኛው አያቴ ናቸው፤ ቱታ ለብሰው፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ካሜራውን ትተው ወደ ጎን ያያሉ። የአውሮፕላኑ ጭራ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ጎኑ ላይ ቁጥር ወይም ምልክት ቢኖርም ሰዎቹ ጋርደውታል።

አክስቴ ፎቶውን ከሣጥን አውጥተው ሲሰጡኝ "ጣሊያን ጥሎት የሄደ አውሮፕላን ነው" አሉኝ።

"አባባ እንዲያ ብለው ነግረዋችሁ ነው?"

"እሳቸው እንኳ ሲናገሩ አልሰማሁም። እንዲሁ ሲባል ነው ያደግነው።"

ነገሩ ያለ ምክንያት የተባለ አይደለም። አያቴ መካኒክነትን የጀመሩት በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ የብረት ነገር ሁሉ በቤተሰቡ ትዝታ ውስጥ ወደ ጣሊያን ይሄዳል። ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ "44 ዓ.ም." ተጽፏል፤ ሌላ ቃል የለም።

አውሮፕላኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፎቶውን ወደ ሣጥኑ አልመልሰውም።

ጥር 16

ፎቶውን አስቃኝቼ ቨርጂኒያ ላለው የአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ከልጅነቱ ጀምሮ አውሮፕላን የሚወድ ሰው ነው። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ "ይኼ የአሜሪካ ዶግላስ ዳውንትለስ ነው። 1944 ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።"

አባባሉን ንቄ ልተወው አልቻልኩም፤ ብዙ ነገሩ ይገጥማልና። ዳውንትለስ ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ክንፉ ከሆዱ ሥር ይወጣል፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦበት ረጅም የመስታወት ሽፋን ይለብሳል። በሰኔ 1942 (እ.ኤ.አ.) በሚድዌይ ጦርነት የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ያሰመጠው እሱ ነው። በእኛ ፎቶ ላይ ያለውም እንዲህ ያለ ረጅም መስታወት ለብሷል።

ዓመቱ ግን ሌላ ነው። አያቴ "44 ዓ.ም." ብለው ሲጽፉ የሚያስቡት በእኛው አቆጣጠር ነው። በፈረንጆቹ ሲመነዘር ከመስከረም 1951 እስከ መስከረም 1952 ያለው ጊዜ ይሆናል። በእነዚያ ሰባት ስምንት ዓመታት ውስጥ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልተለወጠ ነገር አልነበረም። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ፎቶ ሲያገላብጡ ይህ ልዩነት ያለ ቦታው እንዳይወስዳቸው እሰጋለሁ። አንድ የተሳሳተ ዓመት አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም ሌላ ጦርነት ውስጥ ይከታቸዋል።

ጥር 19

ዛሬ በጀርባው የተጻፈውንም፣ አክስቴ ያሉትንም፣ የአክስቴ ልጅ ያለውንም ወደ ጎን አድርጌ ምስሉን ብቻ በኮምፒውተር አጉልቼ ስመለከት ዋልኩ።

በመጀመሪያ ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ከኔጋቲቭ ሲታተም ግራው ቀኝ የሆነ ፎቶ ብዙ ነው፤ የተገለበጠ ከሆነ በሩም መወጣጫውም በማይሆን ጎን ይገኛል። እዚህ የረዳኝ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። የወንድ ሸሚዝ የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው የሚቆለፈው፤ የሦስቱ ሸሚዝ እንደዚያው ነው። ፎቶው አልተገለበጠም።

ቀጥሎ ክንፉ። አንድ ጥንድ ነው፤ ላይና ታች የተደራረበ አይደለም። ይህ ብቻውን ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያ አውሮፕላኖች አብዛኞቹን ያስወጣል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር። ከእሱ ጥቂት ሳምንት በኋላ የመጣው የጀርመኑ ዩንከርስ ደብልዩ 33 ግን እንደኛው ከሥር የወጣ አንድ ጥንድ ክንፍ አለው። ሆኖም የዩንከርስ ገላ እንደ ቤት ቆርቆሮ ሽንሽን ያለበት ነው፤ የኛው ልሙጥ ነው። ለዩንከርስ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፣ ከሩቅም ይለያል።

ከዚያ ሞተሩ። አፍንጫው ክብና ሰፊ ነው፤ አፉ ተከፍቶ ውስጡ የሲሊንደሮች ጥላ ይታያል። ይህ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩበት ራዲያል ሞተር ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቢሆን ኖሮ አፍንጫው ቀጭንና ረዥም ይሆን ነበር። ይህ ምልክት ብዙዎቻችን ስለዚያ ዘመን አየር ኃይል ስናስብ ቀድሞ የሚመጣልንን የእንግሊዙን ፌሪ ፋየርፍላይ ያስወጣል። ፋየርፍላይም ሁለት ሰው ይይዛል፤ ኢትዮጵያም ገዝታዋለች፤ ነገር ግን ሞተሩ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ የሮልስ ሮይስ ግሪፈን ነው፣ አገጩ ሥርም ራዲያተር አንጠልጥሏል። ሁለቱ ሰዎችም የየራሳቸው መስታወት አላቸው፤ እዚህ ያለው አንድ ወጥ ነው።

የአክስቴንም ቃል በቅንነት መመርመር ነበረብኝ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ብዙ ያበረራቸው አውሮፕላኖች፣ ካፕሮኒ 133ም ሳቮያ ማርኬቲ 81ም፣ ባለ ሦስት ሞተር ናቸው። ሮሜዮ 37 እና ፊያት 42 ድርብ ክንፍ አላቸው። ከጣሊያኖቹ በመልክ የሚቀርበው ብሬዳ 65 ነው፤ እሱም ራዲያል ሞተር አለው፣ ክንፉም ከሥር ነው። ይሁን እንጂ ብሬዳ በአብዛኛው የተሠራው ለአንድ ሰው ነበር፤ ስሙም የሚነሣው በስፔንና በሊቢያ ጦርነት ነው። በዚያ ላይ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ስድስት ሰው ምንም ያልዛገ፣ ጎማው ያልተነፈሰ የጣሊያን አውሮፕላን ፊት ይቆማል ማለት ይከብዳል።

ጥር 22

ነገሩን የፈታው እግሩ ነው።

በፎቶው ግራ በኩል፣ ከአያቴ ትከሻ አልፎ፣ ከክንፉ ሥር አንደኛው ጎማ ይታያል። ከጎማው በላይ እግሩን ከፊት የሚሸፍን ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት አለ። በመጀመሪያ ጥላ መስሎ ያልፋል፤ ሲጎላ ግን የራሱ ጠርዝና የራሱ ብሎኖች አሉት። ለጎማ ሽፋን ከሚያስፈልገው እጅግ ይሰፋል። ለምን?

ዳውንትለስ እንዲህ አይደለም። የእሱ እግር ወደ ውስጥ፣ ወደ ሆዱ ታጥፎ ክንፉ ውስጥ ይገባል። አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ታች ሲወረወር ፍጥነቱን የሚገታው በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ቀዳዳ የበዛባቸው ብረቶች ናቸው። ተወርዋሪ ቦምብ ጣይ ሁሉ እንዲህ ያለ መግቻ ያስፈልገዋል። ቀጥ ብሎ ሲወርድ ፍጥነቱ ከልክ አልፎ አብራሪው ቀና ማድረግ እንዳያቅተው፣ ዒላማውንም ለማየት ጊዜ እንዲያገኝ፣ ነፋስን የሚጋፈጥ ነገር መዘርጋት አለበት። የጀርመኑ ዩንከርስ 87 ከክንፉ ሥር የሚገለበጡ ጣውላ መሳይ ብረቶች ነበሩት።

አንድ ተወርዋሪ ቦምብ ጣይ የሠሩ ስዊድኖች ግን ለዚህ የተለየ ብረት አልጨመሩም። የጎማውን ሽፋን ራሱን አሰፉት። አብራሪው ሲወረወር እግሩን ያወጣል፤ ሽፋኑ ነፋሱን በሰፊ ደረቱ ይቀበላል፤ አውሮፕላኑ ይገታል። ሥራው ሲያበቃ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ክንፉ ሥር ባለው ረዥም ማቀፊያ ውስጥ ይተኛል። አንድን ክፍል ሁለት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ለእኔ ከምህንድስና ሁሉ የሚያስደስተኝ ነው።

ክብ አፍንጫ፣ ሦስት ምላስ ያለው ፕሮፔለር፣ አንድ ወጥ መስታወት፣ ይህ ሰፊ ሽፋን፣ ከክንፉ ሥር ያለው ማቀፊያ፤ ሁሉም የሚገኙት በአንድ አውሮፕላን ላይ ነው። የስዊድኑ ሳብ 17።

ለቨርጂኒያው ጻፍሁለት። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጎ አይቶ "እግሩን ተውኩት እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው።

ጥር 27

ቢሾፍቱ ሄጄ አንድ የአየር ኃይል ጡረተኛ ጋሼን አገኘሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለቴክኒሻንነት የሠለጠኑ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ አሜሪካ ሠራሹ ጄት ኤፍ 86 ገብቶ ነበር፤ ሳቦቹ አርጅተው ጥቂቱ ብቻ ይበርሩ ነበር።

ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ፎቶውን ሰጠኋቸው።

"ነይ፣ ብርሃን ወዳለበት እንሂድ" ብለው ወደ በረንዳው ወጡ። መነጽራቸውን ቀይረው ብዙም አልቆዩ፤ "ሳብ ናት። አሥራ ሰባቷ።"

"በምን አወቁ ጋሼ?"

"በእግሯ ነዋ! በክረምት ከሣሩ ላይ ስትነሣ ጭቃው ሁሉ እዚህ ሽፋን ውስጥ ነበር የሚገባው። ያንን ማን ያወጣው ይመስልሻል?" ሽፋኑን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

ከዚያ እኔ ከቶ ያላየሁትን አሳዩኝ። ከቀኝ ሁለቱ ሰዎች ከፕሮፔለሩ አጠገብ የቆሙት እንዲሁ ለፎቶ አይደለም ይላሉ። ራዲያል ሞተር ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት እንዲህ እንደታጨቀ ሞተሩ ቢነሣ፣ ፒስተኑ ሊጨመቅ የማይችል ፈሳሽ ይገጥመውና ዘንጉ ይጣመማል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት መካኒኮቹ ፕሮፔለሩን በእጃቸው እየጎተቱ ደጋግመው ያዞሩታል። "ይኸው የዚህ ሰው እጅ አሁንም ምላሱ ላይ ነው። ጎማው ሥር ታኮ አለ። ሊነሡ ነው እንጂ አርፈው አይደለም።"

ቦታውንም ነገሩኝ። ከክንፉ ጫፍ በላይ በጭጋግ የሚታየውን አናቱ ደልደል ያለ ተራራ እኔ ደመና ነበር ያልኩት። "ዝቋላ ነው" አሉ፣ ጥያቄ እንኳ ሳያስፈልገው። በረንዳቸው ላይ ሆነን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስናይ እሱው ነበር።

ስለ ሞተሩ ያሉትም ደስ አሰኝቶኛል። ኢትዮጵያ የገዛችው ሳብ 17 ባለ ትዊን ዋስፕ ሞተሩን ነው፣ አሥራ አራት ሲሊንደር ያለውን። በሲቪሉ በኩል መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ሲ 47ም የዚሁ ቤተሰብ ሞተር ጥንድ ነበረው። አንዱን በደንብ የተማረ መካኒክ ሌላኛውን ሲከፍት እንግዳ አይሆንም ነበር።

የካቲት 2

የሳብ 17 ታሪክ ከኛው ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለው፤ ጥቂቱን እዚህ ላስፍር።

ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከማንም ጋር አልወገነችም። ገለልተኛ አገር ግን መሣሪያ የሚሸጥላት ታጣለች። ስለዚህም ሊንሾፒንግ ላይ ያለው የሳብ ፋብሪካ የራሱን መሥራት ግድ ሆነበት። ሳብ 17 ግንቦት 10 ቀን 1932 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሞተር እንደተገኘ ነበር የሚገጠምለት፤ አንዱ ዓይነት የእንግሊዝ ሜርኩሪ፣ ሁለተኛው የጣሊያን ፒያጆ፣ ሦስተኛው አሜሪካዊው ትዊን ዋስፕ፣ እሱንም ስዊድኖቹ ያለ ፈቃድ ቀድተው በአገራቸው ሠርተውታል። የጣሊያን ሞተር ያለው ዓይነት መኖሩን ሳነብ ለአክስቴ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን ያኛው አይደለም።

ወደዚህ የመጡት ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ በጠቅላላው ከ40 በላይ። ያመጣቸውም የአንድ ሰው ፍቅር ነው ብል አላጋነንኩም። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ ነው። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አዲሱን አየር ኃይል እንዲያቋቁም በንጉሠ ነገሥቱ ተጠራ። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሳብ ሳፊር የተባለችውን ትንሽ ማሠልጠኛ ከስቶክሆልም አስነሥቶ ያለ ዕረፍት አዲስ አበባ አገባት፤ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሠላሳ ሰዓት ያለፈ በረራ። ሕይወቱም ያለፈችው በዚህችው ምድር ነው፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ በሶማሊያ ወረራ ወቅት።

እንዲህ እየጻፍኩ አንድ ነገር ያስቆጨኛል። ስለ አውሮፕላኑ የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ፦ የመጀመሪያ በረራውን ቀን፣ የሞተሩን ሲሊንደር ብዛት፣ የክንፉን ስፋት እንኳ 13.7 ሜትር መሆኑን። ስዊድን ውስጥ አንዱ ታድሶ እንደገና እስከመብረር ደርሷል። ፊቱ ስለቆሙት ስድስት ሰዎች ግን ከአያቴ በቀር ስም የለኝም። ጭቃውን ያወጡት፣ ፕሮፔለሩን የጎተቱት እነሱ ናቸው። የቤተሰብ ፎቶ እጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ ጀርባው ላይ ስም ቢጽፍ ምን አለበት?

የካቲት 8

ጋሼ ደወሉ። ፎቶውን ከእሳቸው የሚበልጡ አንድ አዛውንት ዘንድ ወስደው አሳይተዋቸው ነበር። ከቀኝ መጨረሻ የቆመውን፣ እጁን ፕሮፔለሩ ላይ ያኖረውን ሰው ለይተውታል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቹ ቢሾፍቱ አሉ፣ መጀመሪያ እነሱን ላናግር። ቁምጣ የለበሰው ፈረንጅ ከስዊድን አስተማሪዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፤ የትኛው እንደሆነ አላወቁትም።

ማታ አክስቴ ቤት ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። "እንግዲያ ጣሊያን አይደለም?" ብለው ትንሽ ዝም አሉ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር።

"ስዊድኖቹንማ አባባ ያነሷቸው ነበር። መፍቻ መሬት ላይ ተጥሎ ካዩ ይቆጡ ነበር ይሉናል። እኛንም ማንኪያ ስንጥል በዚያው ነበር የሚቆጡን።" ከዚያ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱ። "ስንት ዓመተ ምሕረት ነው አልሽ?"

"አርባ አራት።"

"እኔ የተወለድኩት በአርባ ስድስት ነው እኮ።" ጣታቸውን ከአያቴ ቀጥሎ በቆመው ባለ ቆብ ሰው ላይ አሳረፉ። "የጣሊያን ጊዜ ነው ስንባል እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን ብለን አስበንም አናውቅ። የኔ ክርስትና የተበላው ደብረ ዘይት ነው፤ የመጡት የአባባ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። የክርስትና አባቴ የሆኑት ሳይቀሩ ከዚያው ከአየር ኃይል ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ቆብ ከራሳቸው የማይለያቸው።"

"እሳቸው ናቸው ይላሉ?"

"አልምልም። የክርስትናው ፎቶ ወንድሜ ዘንድ ነው ያለው። ደውይለትና ሁለቱን ጎን ለጎን እናያቸዋለን።"

ደወልኩ። ቅዳሜ ይዘው ይመጣሉ።